የመጨረሻው እጅ፦ የቀላል ሄሊኮፕተር አደጋዎችና «የአብራሪ ስህተት» ታሪክ ከምዕራብ ሸዋ ደጋ ሲታይ



የዛሬው ርዕስ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ሄሊኮፕተር አደጋ መናገር የመሐንዲስ ወይም የአብራሪ ሥራ ነው የሚል ካለ አልፈርድበትም። ሆኖም እያንዳንዱ የአደጋ ምርመራ በመሠረቱ የታሪክ ጥያቄ ነው። ነገሩ ከሆነ በኋላ ከፍርስራሽ፣ ከሰነድና ከምስክር ተነሥቶ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለ ምክንያትና ውጤት በጥንቃቄ ማሰብ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው። ስለዚህ «የአብራሪ ስህተት» የሚለው ብያኔ ምን እንደሚገልጥና ምን እንደሚሸፍን ላሳያችሁ እሞክራለሁ። በአገራችን የደረሱትን ክስተቶች በኢትዮጵያ፣ የውጭዎቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

አየሩ የሳሳበት አገር

ከቆምንበት ስፍራ ልጀምር። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍገት በባሕር ወለል ካለው 81 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህ ስሌት ግን ሙቀቱን ከ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም ሳያርቅ የሚወስድ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። ያን ጊዜ አምቦ ላይ የሚያንዣብብ ሄሊኮፕተር 3,000 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ያህል ይቸገራል።

ሄሊኮፕተር የሚነሣው የሮተሩ ክንፎች አየርን ወደ ታች ሲገፉ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ክንፎቹ በሰፋ ማዕዘን መቅዘፍ፣ ሞተሩም ይበልጥ መድከም አለበት። በፒስተን የሚሠራው የቀላል ሄሊኮፕተር ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። የሚፈለግበት ጉልበት ሲጨምር የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት የአብራሪው የደኅንነት ትርፍ ነው፤ በደጋ አገር ይህ ትርፍ ጠባብ ነው።

የምዕራብ ሸዋ መልክዓ ምድር ነገሩን ያከብደዋል። ከአምቦ በጉደር በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ጌዶ ላይ 2,500 ሜትር ገደማ ይደርስና ባኮ ላይ ወደ 1,650 ሜትር ይወርዳል። በስተሰሜን የግንደበረት ደጋ ከዓባይ ሸለቆ ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የደንዲ ተራራ ከ3,200 ሜትር ያልፋል። በሸለቆው ወለል ሦስት ሰው ይዞ በቀላሉ የሚነሣ ትንሽ ሄሊኮፕተር በገደሉ ጫፍ ላይ ያንኑ ጭኖ ማንዣበብ ሊያቅተው ይችላል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው በረራ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ አብራሪው አልተለወጠም፣ ማሽኑም አልተለወጠም፤ የተለወጠው አየሩ ነው።

ይህ ለአገራችን ትርፍ ዕውቀት አይደለም። ሄሊኮፕተር ወደ ኢትዮጵያ ተራሮች የመጣው መንገድ ያልደረሰበትን ለመድረስ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮ-አሜሪካ የካርታ ሥራ ተልእኮ ቀያሾችን ወደ ተራራ ጫፎች ያደርስ የነበረው በሄሊኮፕተር ነው። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ከፖላንድ የመጡ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች በእርዳታ ሥራ ተሰማርተዋል። መደበኛ የመንገደኞች በረራ ለሌላቸው እንደ አምቦ፣ ጊንጪና ጌዶ ላሉ ከተሞች ከሰማይ የሚወርድ ነገር ካለ ሄሊኮፕተር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ሰው ፈላጊው ምርመራ

አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ትሪኒዳድ የተወለደው፣ በኒው ዮርክ ሃርለም «ጥቁሩ ንስር» በሚል ቅጽል የታወቀው ሁበርት ጁሊያን ወደ አገራችን መጣ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን በዓል ቀደም ብሎ ንጉሠ ነገሥቱ ይወዱት የነበረውን ጂፕሲ ሞዝ የተባለ ቀላል አውሮፕላን አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ላይ ጣለው። እርሱ ተረፈ፤ አውሮፕላኑ ግን ከጥቅም ውጪ ሆነ። ጁሊያን «ማሽኑን ሆን ብለው አበላሽተውብኛል» አለ። ተቃዋሚዎቹ «ችሎታ የለውም» አሉ። ከአገርም ወጣ።

ይህን የቆየ ታሪክ ያነሣሁት በሁለቱ ክሶች ተመሳሳይነት የተነሣ ነው። አንደኛው ወገን ጥፋተኛ አብራሪ አገኘ፤ ሁለተኛው ወገን ጥፋተኛ ጠላት አገኘ። 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ሞተር ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ሜዳ ላይ ምን ያህል እንደሚደክም የሚጠይቅ ክስ ግን ከሁለቱም አልወጣም። ጁሊያን ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ያም ሆኖ የሳሳው አየር ለስህተት የሚተወውን ቦታ አጥብቦበት ነበር።

አባቶቻችን ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ስም ነበራቸው። አውጫጪኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ሥርዓት፣ ወንጀል ተሠርቶ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስም ወደ ቤቱ አይመለስም። ምርመራው የሚያበቃው ስም ሲገኝ ነው። ለሌባና ለቤት አቃጣይ ይህ ሥርዓት ያገለገለበት ዘመን ነበር። አደጋን በዚህ መንገድ የሚመረምር ግን ስም ባገኘበት ቅጽበት መጠየቁን ያቆማል። የሞተ አብራሪ ደግሞ ለዚህ የሚመች ነው፤ መልስ አይሰጥም፣ ይግባኝም አይልም። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ስህተት ራሱ የጥናት ርዕስ ሲሆን

ከዚህ አስተሳሰብ የመውጣቱ ታሪክ የሚጀምረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ቢ-17 የተባሉ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች መሬት ከነኩ በኋላ በሆዳቸው ይተኙ ነበር። አብራሪዎቹ የክንፍ መዘርጊያውን ሊያጥፉ ፈልገው ጎማውን ያጥፉታል። መዝገቡ «የአብራሪ ስህተት» ይላል። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን ቀላል ነገር አየ፤ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች አንድ ዓይነት ቅርጽ ይዘው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ላይ የጎማ ቅርጽ ያለው እጀታ፣ ሌላው ላይ የክንፍ ቅርጽ ያለው እጀታ ሲገጠም ስህተቱ ቆመ። አብራሪዎቹ በአንድ ሌሊት ብልህ አልሆኑም፤ የተስተካከለው የሚነኩት ነገር ነው።

በ1947 ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ «የአብራሪ ስህተት» የተባሉ 460 የመቆጣጠሪያ አጠቃቀም ገጠመኞችን ሰብስበው ሲመድቡ ስህተቶቹ በዘፈቀደ የተበተኑ እንዳልሆኑ አሳዩ። ተመሳሳይ ስህተት በተመሳሳይ ንድፍ ላይ ይደጋገማል። የሚደጋገም ስህተት ደግሞ ከግለሰቡ ድክመት ሌላ ምክንያት እንዳለው ለታሪክ ተማሪ መንገር አያስፈልግም።

ይህ ሐሳብ ወደ ሕግም ገባ። ኢትዮጵያ በተሳተፈችበት በ1944ቱ የቺካጎ ጉባኤ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1951 የአደጋ ምርመራን የሚመለከተውን አባሪ 13 አጸደቀ። በዚህ አባሪ መሠረት የምርመራ ብቸኛ ዓላማ ቀጣዩን አደጋ መከላከል ነው፤ ጥፋትና ተጠያቂነትን ማከፋፈል አይደለም። ከአውጫጪኝ ጋር ሲነጻጸር ጥያቄው ራሱ ተለውጧል።

ቀላሉ ሄሊኮፕተር

እንግዲህ ወደ ቀላል ሄሊኮፕተር እንመለስ። ፍራንክ ሮቢንሰን በ1973 ባቋቋመው ኩባንያ የሠራው ሁለት ሰው የሚይዘው አር22 የብቃት ማረጋገጫውን ያገኘው በ1979 ነው። ከሌሎቹ ርካሽ ስለነበር የበረራ ትምህርት ቤቶች በገፍ ገዙት። ዲዛይነሩ የተማሪ ማሠልጠኛ እንዲሆን አስቦ አልሠራውም ነበር፤ ገበያው ግን ማሠልጠኛ አደረገው። ይህ ለውጥ በየትኛውም የአደጋ ቅጽ ላይ የሚሞላበት ሳጥን የለውም።

የአር22 ሮተር ቀላል ነው። ሞተሩ ቢቆም ወይም ቢደክም የሮተሩ ዙር በፍጥነት ይወርዳል፤ አብራሪው በግራ እጁ የያዘውን ማንሻ ዝቅ ለማድረግ ያለው ጊዜ ከአንድና ሁለት ሰከንድ አይበልጥም። እዚህ ላይ የሰው ደመ ነፍስ ጠላት ይሆናል። መሬት ወደ እርሱ ሲመጣ ያየ ሰው እጁ ማንሻውን ወደ ላይ መሳብ ይፈልጋል። ከሳበው ግን የክንፎቹ ማዕዘን ይሰፋል፣ ዙሩ ይበልጥ ይወርዳል፣ ሮተሩም ማንሣቱን ያቆማል። ቀደም ብዬ የገለጽኩት የደጋ አየር ይህን ወጥመድ ያቀርበዋል፤ ክንፎቹ አስቀድመው በሰፊ ማዕዘን እየቀዘፉ፣ ሞተሩም በአቅሙ ጫፍ ላይ እየሠራ ነውና።

ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው ከሮተሩ አሠራር ነው። ሁለት ክንፍ ያለው ይህ ሮተር እንደ ሚዛን በአንድ ማጠፊያ ላይ ይወዛወዛል። አብራሪው መሪውን በድንገት ወደ ፊት ከገፋ አካሉ ለቅጽበት ክብደት አልባ ይሆናል፣ ሄሊኮፕተሩም በጭራ ሮተሩ ግፊት ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ማንኛውም አውሮፕላን ያበረረ ሰው መሪውን ወዲያው ወደ ግራ ይወስዳል። ትክክለኛው እርምጃ ግን መሪውን በቀስታ ወደ ኋላ በመሳብ ለሮተሩ ጭነቱን መመለስ ነው። ወደ ግራ ከተወሰደ የሮተሩ ማዕከል ምሰሶውን ሊመታና ሊቆርጠው፣ ወይም ክንፉ የአብራሪውን ክፍል ሊመታ ይችላል። ሰኔ 29 ቀን 1992 በካሊፎርኒያ ሪችመንድ አቅራቢያ አንድ አሠልጣኝና ተማሪው በሮተር መቆጣጠር መጥፋት ሞቱ። በጉዞው ላይ ትምህርቱን የሚቀዳ ትንሽ ቴፕ ክፍት ነበር፤ እስከ መጨረሻው ቅጽበት የሚሰማው የተለመደ የበረራ ትምህርት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዛሬው ጉዳያችን ወሳኝ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እያንዳንዱን አደጋ በየብቻው መዝጋቱን ትቶ ተመሳሳዮቹን ጎን ለጎን አስቀመጠ። በ1995 የአገሪቱ የአቪዬሽን አስተዳደር ለአር22ና ለአር44 አብራሪዎች ልዩ ሥልጠና የሚያስገድድ ደንብ አወጣ፤ የሮተሩን ዙር የሚጠብቅ መሣሪያም ግዴታ ሆነ። ቦርዱ በ1996 ባወጣው ልዩ ጥናት ድንገተኛና ትልቅ የመሪ እንቅስቃሴ ዋና ተጠርጣሪ ሆኖ ቀርቧል። ይህም ማለት የአብራሪው እጅ በነገሩ ውስጥ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ጥናቱ እጁን ከማሽኑ ፍጥነት፣ ከሥልጠናውና ከደንቡ ጋር አያይዞ አየው፤ በዚህ ምክንያት የሚደርሰው አደጋም ቀነሰ። ጉዳዩ ፈጽሞ አልተዘጋም። የኒው ዚላንድ የአደጋ ምርመራ ኮሚሽን በ2016 ይኸንኑ የሮተር ምሰሶ መመታት በጥብቅ ክትትል መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። መጋቢት 21 ቀን 2013 በአውስትራሊያ ቡሊ ቶፕስ በተባለ ቦታ አንድ አር44 ወድቆ በእሳት ተያያዘ፤ 4 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ ባለሥልጣን አሮጌው ጠንካራ የነዳጅ ጋን እንደ ከረጢት በሚለመጠው ዓይነት እንዲተካ አስገደደ። ሄሊኮፕተርን መሬት ያደረሰው ምንም ይሁን ምን፣ ከመውደቅ የተረፈውን ሰው የሚገድለው የፈሰሰው ነዳጅ ሊሆን ይችላል። «አብራሪው ምን አጠፋ?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ መርማሪ የነዳጁን ጋን አያየውም።

ጉዳዩ በእኛ ላይ ሲደርስ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል ወደ ራሳችን ኀዘን ልመለስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ ከ6 ደቂቃ በኋላ በምሥራቅ ሸዋ ጊምቢቹ ወረዳ ተከሰከሰ። 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ትልቅ ጄት እንጂ ሄሊኮፕተር አልነበረም። የብያኔው አካሄድ ግን አንድ ነው። ከወራት በፊት 189 ሰዎች የሞቱበት የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አደጋ በተመሳሳይ አውሮፕላን ደርሶ ነበር። ያም ሆኖ በግንቦት 2019 በአሜሪካ ኮንግረስ ችሎት ላይ ጥፋቱን ወደ አብራሪዎቹ ሥልጠና የሚያዞር ንግግር ተሰማ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበር። እርሱም ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድም መልስ ለመስጠት በሕይወት አልነበሩም።

የኢትዮጵያ መርማሪዎች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የመጨረሻ ሪፖርታቸው፣ በተሳሳተ የዳሳሽ መረጃ ተነሥቶ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች የገፋውን ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ምክንያት አደረገ። የአሜሪካው ቦርድ በዚህ ተስማምቶ፣ ሠራተኞቹ ለሁኔታው የሰጡት ምላሽ በቂ ትኩረት አላገኘም ሲል ተከራከረ። በዚህ ክርክር ሁለቱንም ወገን ማዳመጥ ይገባል። ነገር ግን በጥር 2021 ቦይንግ ሁለት ሠራተኞቹ ስለዚሁ ሥርዓት የአቪዬሽን አስተዳደሩን እንዳሳሳቱ አምኗል። በመሪው ላይ የመጨረሻው እጅ የአዲስ አበባዎቹ አብራሪዎች ነበር፤ የምክንያቱ ሰንሰለት ግን ከዓመታት በፊት በሌላ አህጉር ቢሮዎች ውስጥ ተጀምሯል።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ተቃራኒውንም ልናገር። አብራሪዎች ይሳሳታሉ። ጥር 26 ቀን 2020 በካሊፎርኒያ ካላባሳስ ታዋቂውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኮቢ ብራያንትን ጨምሮ 9 ሰዎች የሞቱበት ሄሊኮፕተር በደመና ውስጥ አቅጣጫው በጠፋበት አብራሪ እጅ ነበር፤ ቦርዱም ወደ ደመናው ለመቀጠል የወሰነውን ውሳኔ ዋና ምክንያት አድርጎታል። ይህ ብያኔ ትክክል ነው። ግን እዚያም ምርመራው አልቆመም፤ አብራሪው በራሱ ላይ የጫነውን የአድርስ አድርስ ግፊትና የኩባንያውን የላላ ቁጥጥር አክሏል። የክረምት ደመና ከተራራ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያደርግ እኛም እናውቃለን። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ሚኪ ሊላንድንና ሌሎች 15 ሰዎችን፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ይዛ የተነሣችው አነስተኛ አውሮፕላን በምዕራብ ኢትዮጵያ ተራራ ላይ ተከስክሳ ሁሉም ሞተዋል። ፍርስራሿን ለማግኘት ቀናት የፈጀ ፍለጋ አስፈልጓል።

ከጉማ የምንማረው

ንግግሬን ወደ ማጠቃለሉ ልውሰደው። በዚህ በምዕራብ ሸዋ የሕግ ተማሪዎች የሚያጠኑት ጉማ የተባለ የኦሮሞ የእርቅ ሥርዓት አለ። የሰው ሕይወት ሲጠፋ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ድርጊቱ ይጣራል፣ ካሣም ይወሰናል። ዋናው ግብ ግን ቀጣዩን ደም ማስቀረት ነው። አባሪ 13 በሞንትሪያል ቋንቋ የሚለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሞተው ሞቷል፣ ሌላ እንዳይሞት ምን እናድርግ? እርግጥ ነው፣ ጉማ ካሣ ይቆርጣል፣ የአደጋ ምርመራ ግን ካሣን ለፍርድ ቤት ይተዋል። በሁለቱም ዘንድ ግን ስም ማግኘት የጉዳዩ መጨረሻ አይደለም።

በአገራችን ይህ ሐሳብ የሚፈተነው ሰነድ ሲገኝ ነው። ነሐሴ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ ቢሾፍቱ ይበር የነበረ የመከላከያ ሄሊኮፕተር በምሥራቅ ሸዋ ወድቆ 18 ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም 3ቱ ሲቪሎች ነበሩ። የቺካጎው ስምምነት የመንግሥትና የጦር በራሪዎችን አይመለከትም። ስለዚህ ለሲቪል አደጋ የሚታተመው ዓይነት ሪፖርት ለወታደራዊ ሄሊኮፕተር በሕግ አይገደድም። በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ ሄሊኮፕተር በብዛት ያበረረው ሠራዊቱ በመሆኑ፣ ስለ ሳሳው አየር ከሁሉ የበለጠ ልምድ ያለውም እርሱ ነው። ምሥጢር የሆነውን ጠብቆ የቴክኒኩን ትምህርት ማካፈል ይቻላል፤ ሌሎች ሠራዊቶችም ያደርጉታል። ነገ በእነዚህ ተራሮች ላይ ለጉብኝት፣ ለሕክምና ወይም ለአንበጣ ቁጥጥር ቀላል ሄሊኮፕተር የሚያበር ወጣት ያንን ትምህርት ከመጽሐፍ ቢያገኘው ይሻላል።

ለተማሪዎች አንድ ሥራ ልተው። የአደጋ ዜና ስትሰሙ ወይም ሪፖርት ስታነቡ ሦስት ጥያቄዎችን አስከትሉ። ይህን ስህተት ከዚህ በፊት ሌሎችም ሠርተውታል? ማሽኑ፣ ሥልጠናው ወይም አየሩ ስህተቱን አቅልሎታል? በዚህ ሪፖርት የተነሣ ነገ ምን ይለወጣል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ሪፖርት፣ በውስጡ ያለው ስም ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ሙት ወቃሽ ከመሆን አያልፍም። እነዚህ ጥያቄዎች ከአውሮፕላን ውጪም ያገለግላሉ፤ ከአምቦ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ «በአሽከርካሪው ጥፋት» ተብሎ የሚዘጋው የመኪና አደጋ መዝገብ ስንት እንደሆነ አስቡ።